መብራቱና ፋኑ፦ የመታጠቢያ ቤታችን የሥራ ማስታወሻ

ጥር 17 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዛሬ መታጠቢያ ቤቱን ሳጸዳ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት። ከሻወሩ በላይ ያለው ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ቆሻሻ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ለቀቀ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ባለፈው ወርም እንዲሁ ጠርገኸው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሻጋታ ነው፤ ሲጠርጉት ይሄዳል፣ ዞር ሲሉ ይመለሳል።

ቤታችን አዲስ አበባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም። ከላይ በኩል ቧንቧዎቹ ወደሚወርዱበት ጉድጓድ የሚያወጣ አንድ ክብ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ላይ ፋን አለ። ፋኑ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቶ አያውቅም። ለምን እንደማይሠራ ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ፋኑንና መብራቱን በአንድ ማብሪያ አያይዘዋቸዋል። መብራቱ ሲበራ ፋኑ ይነሳል፣ ሲጠፋ ይቆማል። ልጃችን በተወለደች ሰሞን ሌሊት ለሽንት በተነሳን ቁጥር እያጓራ ይቀሰቅሳታል። አንድ ሌሊት በንዴት ወንበር ላይ ወጣሁና ገመዱን ነቅዬ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩት። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሞላት።

እንደዚያ መገናኘቱ ራሱ ጥቅም አልነበረውም። ሰው ታጥቦ ሲወጣ መብራቱን ያጠፋል፣ ፋኑም አብሮ ይቆማል። እንፋሎቱ ክፍሉን የሞላው ግን ገና ያኔ ነው። እጅ ለመታጠብ ሲገቡ ያጓራል፣ በሚፈለግበት ሰዓት ይተኛል።

ጥር 18

ያለኝን ልቁጠር። ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አንዲት ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የቤት ዕቃዎችን የሚያዘው ሆም አሲስታንት የሚባለው ሶፍትዌር እሷ ላይ ነው የተጫነው። ነፃ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው። እኔን የገዛኝ ግን ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤቱ አብሮ አይደነዝዝም። እስካሁን የሰጠኋት ሥራ ቦይለሩን ብቻ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ታበራዋለች፣ 1 ሰዓት ላይ ታጠፋዋለች።

ከፍራንክፈርት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሻንጣዋ ውስጥ አንዲት ሼሊ ፕላስ 2ፒኤም፣ በዋይፋይ የምትታዘዝ ማብሪያ፣ ይዛልኝ መጥታለች። የቡልጋሪያ ድርጅት ሥራ ናት። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም፤ ውስጧ ግን ሁለት ለየብቻ የሚሠሩ ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያዎች) አሉ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 10 አምፔር ይችላሉ። አንዱ ለመብራቱ፣ አንዱ ለፋኑ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ «ድምፅ የሌለው ፋን ልላክልህ» ብሎኝ ነበር። የነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። አመስግኜ ተውኩት።

በአንድ ነገር አልደራደርም። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ሁልጊዜ መሥራት አለበት። ዋይፋይ ቢጠፋም፣ ፓይዋ ብትሞትም፣ እኔ ቤት ባልኖርም፣ እንግዳ ገብቶ ሲጫነው ይብራ። ስልኩን አውጥቶ የሽንት ቤት መብራት የሚያበራ ሰው በቤቴ ማየት አልፈልግም።

ስለ ኤሌክትሪክ ፍጆታው የተጨነቀ ካለ፣ ፋኑ ላይ የተጻፈው 25 ዋት ነው። ቦይለሩ 1,500 ዋት ነው። ቦይለሩ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ፋኑ በ60 ሰዓት ነው የሚጨርሰው።

ጥር 25፣ እሑድ

እኔ በትርፍ ጊዜዬ የምነካካ ሰው እንጂ ኤሌክትሪሻን አይደለሁም። ስለዚህ የሰፈራችንን ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ትርፍ ቃል የማይወዱ ሰው ናቸው። ቴስተራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ማብሪያውን ከፈቱ፣ ነካ ነካ አደረጉና ዝም አሉ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው አምፖሉን ነቀሉና መያዣውን ነኩት። ማብሪያው ጠፍቷል። የቴስተሩ መብራት በራ።

«ልጄ፣ ይኼ ማብሪያ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው» አሉኝ። ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ፌዝ ሳይሆን የመመለሻውን ገመድ ማለታቸው ነው።

ለካስ ያ ነው! የኛ ኤልኢዲ አምፖል ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። ጨለማ ውስጥ እንደ ጭስ የደበዘዘ ብርሃን ይቀርበታል። ልጄ «መብራቷ ተኝታለች» ትላለች። እኛም እንደ ማታ መብራት ቆጥረን ተመችቶን ኖረናል። ጉዳዩ ግን ማብሪያው ጠፍቶም ፌዙ አምፖሉ ድረስ ሄዶ መቆሙ ነው። ኤልኢዲ ደግሞ በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ስለሚበቃው ይደበዝዛል። ማብሪያውን አጥፍቼ፣ እርጥብ እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ ስንት አምፖል እንደቀየርኩ አሰብኩ። ላቤ ቀዝቅዞ ወረደ።

ጋሼ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ ከበሩ በላይ በኮሪደሩ በኩል ያለው ስካቶላ (የገመዶቹ መገናኛ ሳጥን) ተከፍቶ ፌዝና ኒውትራሉ ይስተካከሉ። ሁለተኛ፣ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ላይ የሚቆርጥ ብሬከር ይግባ። «ይኼ ሳይገባ እጄን አላስገባም» አሉ። መርካቶ ሄጄ ገዝቼ መጣሁ። ከሼሊዋ ይልቅ የዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ጥቅም ይኸው ብሬከር ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሥራው ተሠራ። ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ሁለት ገመድ ብቻ ስላለ ሼሊዋን እዚያ ማስገባት አይቻልም፤ እሷ ፌዝም ኒውትራልም ትፈልጋለች። ስካቶላው ውስጥ ግን ሁሉም አለ። ቦታው ደረቅ ነው፣ ከሻወሩም ውጭ ነው። ፌዙና ኒውትራሉ ወደ ሼሊዋ ገቡ። ከማብሪያው የሚመለሰው ገመድ ወደ መጀመሪያው ማስገቢያ፣ መብራቱ ከመጀመሪያው መውጫ፣ ፋኑ ከሁለተኛው። ሁለተኛው ማስገቢያ ባዶ ነው፤ ፋኑ የራሱ ማብሪያ የለውም።

ስለዚህ መብራቱ ለማብሪያው በቀጥታ ይታዘዛል፣ ማንንም ሳይጠይቅ። ፋኑ ብቻ ነው ፓይዋን የሚሰማው።

ፋኑን ሳወርደው ክንፎቹ ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረ አቧራ ነበር። አጠብኩት፣ ዘንጉ ላይ ጠብታ ዘይት ጣልኩበት። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ። በዚያች ሌሊት በናስትሮ ፈንታ ጨርቅ ይዤ ብወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር።

የካቲት 3

ፋኑ ይዞራል፣ ግን አየር አይስብም። የሶፍት ቁራጭ አፉ ላይ አስጠጋሁ። ጥሩ የሚስብ ፋን ሶፍቱን ለጥፎ ይይዘዋል። የኛው ሶፍቱን ትንሽ አውለበለበና ጣለው። በሩን ስከፍተው ግን ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ስዘጋው ወደቀ።

በሩ ነው። ከስር ምንም ክፍተት የለውም። አየር ካልገባ አየር አይወጣም፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሒሳቡን ሠራሁት። ክፍሉ 1.5 በ2 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.5። 7.5 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው። ለመታጠቢያ ቤት በተለምዶ የሚመከረው አየሩ በሰዓት ስምንት ጊዜ እንዲቀየር ነው፤ 60 ሜትር ኩብ በሰዓት። የእንግሊዞቹ የሕንፃ ደንብ በሰከንድ 15 ሊትር ይላል፣ በሰዓት 54 ሜትር ኩብ ይመጣል። ተቀራራቢ ነው። ፋኑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ከዚህ ይበልጣል፣ ግን ካርቶን በር አይዘጋበትም። እዚያው የእንግሊዝ ደንብ ላይ ሁለት ነገር አገኘሁ። መስኮት የሌለው ክፍል ፋን ሰው ከወጣ በኋላ ለ15 ደቂቃ መቀጠል አለበት፤ ከበሩ ስር ደግሞ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር።

አናጢ መጥቶ በሩን አውርዶ አንድ ሴንቲ ሜትር ከስሩ ላጨው። ሶፍቱ ተለጠፈ።

የካቲት 9

አዲስ ችግር። ፋኑ በሚጠፋበት ቅጽበት ሼሊዋ ራሷ ትጠፋና ትነሳለች። አንዳንዴም መብራቱ ብልጭ ይላል። ሁልጊዜ ሳይሆን ከአምስት አንዴ ነው። ይህ ዓይነቱ ችግር ነው ሰው የሚያሳብደው።

የፋን ሞተር ጥቅል ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ ድንገት ሲቆረጥበት ሽቦው ውስጥ የነበረው ጉልበት ወደ ኋላ ይረግጣል። አምፖል እንዲህ አያደርግም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ 0.1 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰርና 100 ኦም ሬዚስተር በተርታ ተያይዘው በፋኑ ሁለት ጫፍ ላይ ይገባሉ፤ ርግጫውን ይውጡታል። ሼሊ ራሱ ይህንኑ አንድ ላይ አሽጎ ይሸጣል። ከተበላሸ ራዲዮ ኮንደንሰር ነቅዬ ልሞክር አልኩና ተውኩት። 220 ቮልት ላይ ሌት ተቀን ለሚቀመጥ ነገር ለዚያ ተብሎ የተሠራ ኮንደንሰር ያስፈልጋል፤ ሌላው ሊቃጠል ይችላል። ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።

መጋቢት 2

ኮንደንሰሯ ገባች። ሠላሳ ጊዜ አበራሁ፣ ሠላሳ ጊዜ አጠፋሁ። አንድም ብልጭታ የለም። ባለቤቴ «ጨረስክ?» ብላ ከሳሎን ጮኸች። ሠላሳ አንደኛውን በልቤ ተውኩት።

አሁን ደንቡ። መብራቱ በራ ማለት ሰው ገባ ማለት ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፤ ጨለማ ውስጥ የሚታጠብ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ እንዲህ ሆነ፦ መብራቱ 2 ደቂቃ ከቆየ ፋኑ ይነሳ። እጁን ታጥቦ የሚወጣ ሰው ፋኑን አይሰማውም። መብራቱ ሲጠፋ ፋኑ 15 ደቂቃ ይቀጥልና ይቁም። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ግን አይነሳ።

መጋቢት 4

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፋኑ አጓራ። ልጅቷ ነቃች። ጠዋት ስታጠብ ደግሞ ጭጭ።

ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን አየሁ። «ከ4፡00 እስከ 12፡00» ብያለሁ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለሱ ከሌሊቱ 10 እስከ ቀኑ 6 ማለት ነው። የኔ ማታ 4 ለሱ 22፡00 ነው፣ የኔ ጠዋት 12 ለሱ 6፡00። ዕድሜ ልኬን ሁለቱን ሰዓት ሳላስብ ስቀያይር የኖርኩ ሰው፣ እንቅልፍ ሲመጣ እንዲህ ነው።

መጋቢት 11

መታጠቢያ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ከፋኑ በፊት አይሸትም ነበር። ባለቤቴ ፋኑን ጠረጠረች፣ እኔ ተሟገትኩለት፣ እሷ ልክ ሆነች።

ወለሉ ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ስር ውሃ የሚቋጥር ጉሮሮ አለው። ያ ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሳምንት በጆግ ነው የምንታጠበው፤ በጀርባ በኩል ያለው ቀዳዳ ጠብታ ሳያገኝ ይከርማል፣ ይደርቃል። ፋኑ ደግሞ ከቀለለው ቦታ ሁሉ ይስባል፣ ከፍሳሹም ጭምር። አንድ ጆግ ውሃ ደፋሁበት። በማግሥቱ ሽታው ጠፋ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬ ላይ «ቀዳዳው ውሃ ይጠጣ» የሚል ማስታወሻ ይመጣልኛል።

መጋቢት 20

ሁለት የአቃራ እርጥበት መለኪያዎች ደረሱ። ዚግቢ በሚባል አጭር ርቀት የሬዲዮ ግንኙነት ነው የሚነጋገሩት፣ ባትሪያቸው የትም ሱቅ የሚገኘው ክቧ 2032 ናት። አንዱ ለመታጠቢያ ቤቱ፣ ሌላው ለሳሎን። ለሳሎኑ ለምን እንደገዛሁ በጊዜው እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር፤ ጥንድ ሆኖ ስለረከሰ ነው።

ከመስቀላቸው በፊት ሁለቱንም ጎን ለጎን ቡፌው ላይ አሳደርኳቸው። አንዱ 41 ሌላው 44 በመቶ አለ። አንድ ቤት፣ አንድ አየር። ልዩነቱን ሶፍትዌሩ ላይ አስተካከልኩት።

የመታጠቢያ ቤቱን መጀመሪያ ከሻወሩ በላይ ለጠፍኩት፣ ሻጋታው ያለበት ጥግ። ስሕተት ነበር። ጤዛ ወረደበትና ሁለት ሰዓት ሙሉ 99 ላይ ተቸነከረ። ወደ በሩ በኩል፣ ከፍ አድርጌ፣ እንፋሎቱ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አዛወርኩት። አሁን ሰው ሲታጠብ ከ45 ተነስቶ በሰባት ደቂቃ 85 ይደርሳል። ግራፉን እያየሁ ማን እንደታጠበ መለየት ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ደስ አላላትም።

አዲስ ደንብ ጨመርኩ፦ እርጥበቱ ከ65 ካለፈ ፋኑ ይነሳ፣ ከ55 ሲወርድ ይቁም። ሁለት ቁጥር የሆነው ሆን ብዬ ነው። መነሻውና መቆሚያው አንድ ቁጥር ከሆነ ፋኑ እዚያው መስመር ላይ ሲነሳ ሲቆም ያድራል። እርጥበት ካለ ሌሊትም ይሥራ፤ መብራት ብቻ ከሆነ ሌሊት ይተኛ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

እማዬ ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ጠዋት በጊዜ ታጥቤ ወጣሁ። ፋኑ ሥራ ላይ ሳለ መብራት ሄደ፤ የቆጣሪውን ማለቴ ነው። ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ስግደቱ አልቆ ደክሞን ማታ ስንመለስ መብራት መጥቷል፣ ደረጃው ላይ ሆነን ጉርምርምታ ይሰማል። ሰው የሌለበት ቤት።

እማዬ ቁልፉን ከእጄ ያዘችብኝ። «ቆይ! ቤት ውስጥ ማነው ያለው?»

«ማንም የለም እማዬ፣ ፋኑ ነው።»

«ማን አበራው?»

ለመመለስ የሚከብድ ጥያቄ ነው። «ራሱ» ማለት አልፈለግሁም፣ ዕለቱም አይመችም። አማትባ ገባች።

የሆነው ይህ ነው። ሼሊዋ መብራት ሲመለስ የነበረችበትን ታስታውስና ወደዚያው ትመለሳለች፤ ፋኑ እየሠራ ነበር፣ ስለዚህ ተነሳ። ፓይዋም እንደ አዲስ ተነሳች፤ ስትቆጥረው የነበረው ደቂቃ ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል። ክፍሉ ቀድሞ ስለደረቀ እርጥበቱ 55ን ተሻግሮ የሚወርድበት ቅጽበትም የለም። ማንም «ቁም» የሚለው የለም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዞረ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን መጀመሪያ ማሰብ ነበረበት። ውጭ አገር ያሉት የሚጽፉትን እያነበብኩ ስለሠራሁ ነው፤ እነሱ መብራት ይሄዳል ብለው አይጀምሩም። ሁለት ነገር አስተካከልኩ። መብራት ሲመለስ ፋኑ ጠፍቶ ይጀምር፣ መብራቱ ደግሞ ማብሪያው ባለበት ሁኔታ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ሼሊዋ ውስጥ ራሷ የምትቆጥረው ሰዓት አለ፤ ፋኑ ከተነሳ 45 ደቂቃ ካለፈው ፓይዋን ሳትጠይቅ ታጠፋዋለች። ፓይዋንም ለራውተር በሚሸጡት ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ላይ ሰካኋት።

ግንቦት 9

የሦስት ቀን ሙከራ፣ አጭር ዘገባ። መብራቱም ራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ የእንቅስቃሴ መለኪያ ገጠምኩ። በሦስተኛው ቀን የባለቤቴ ወንድም ምሳ በላና ገባ። ረጋ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ከጨለማ ውስጥ «ኧረ መብራት!» የሚል ድምፅ መጣ። እጁን እያውለበለበ እንዲቀመጥ መከርኩት። መለኪያውን ያኑ ቀን ነቀልኩት። ማብሪያ ማለት ድንቅ ፈጠራ ነው።

ሐምሌ 6

ክረምቱ ገብቷል። ፋኑ አይቆምም።

45 ደቂቃው ሲሞላ ሼሊዋ ታጠፋዋለች፣ ወዲያው ፓይዋ «እርጥበት ከ65 በላይ ነው» ብላ መልሳ ታስነሳዋለች። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ማንም ሳይታጠብ። ፋኑ ተበላሸ ብዬ ነበር፣ መለኪያው ውሃ ገባው ብዬ ነበር። ሁለቱም ደህና ናቸው።

የሳሎኑን መለኪያ አየሁት። 71 በመቶ።

ለካ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ፋኑ አየር አይሠራም፣ ይቀይራል እንጂ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚገባው አየር ከበሩ ስር ሾልኮ ከሳሎን የሚመጣው ነው። ሳሎኑ 71 ከሆነ መታጠቢያ ቤቱ እስከ ጳጉሜ ቢነፋ ከ71 አይወርድም። እኔ ደግሞ 55 ካልደረስክ አትቁም ብዬዋለሁ። በመጋቢት የጻፍኩት ቁጥር ለመጋቢት ነው የሚሠራው። ያኔ ሳሎኑ 40 ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩን ጣልኩትና ልዩነቱን ያዝኩ። መታጠቢያ ቤቱ ከሳሎኑ በ12 ከበለጠ ፋኑ ይነሳ፤ ልዩነቱ ከ5 ሲያንስ ይቁም። በጋም ሆነ ክረምት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ «ይህ ክፍል ከቤቱ ይልቅ እርጥብ ነው ወይ?» በአጋጣሚ የገዛሁት ሁለተኛው መለኪያ የፕሮጀክቱ ግማሽ ሆነ። ሁለቱ ክፍሎች ሙቀታቸው ስለሚቀራረብ እንዲህ ማነጻጸሩ ይበቃል። አንዱ በጣም ሞቆ ሌላው በጣም ቢቀዘቅዝ ግን መቶኛው ያሳስታል፤ ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይዞ ትንሽ መቶኛ ያሳያልና።

ሐምሌ 13

ሳምንቱን በልዩነቱ ደንብ ሠራ። ሰው ታጥቦ ከወጣ በኋላ አሁን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ በበጋ 12 ነበር። ትክክል ነው፣ የሚገባው አየር ራሱ እርጥብ ነዋ። 45 ደቂቃውን ወደ 60 ከፍ አደረግሁት። የመብራቱን ደንብም ቀነስኩት፤ መብራቱ ሲጠፋ እርጥበት ከሌለ 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ያ ለሽታ ነው። ለእንፋሎቱ ልዩነቱ ያውቅበታል።

ወራት ሙሉ «መብራቱንና ፋኑን ማገናኘት» እያልኩ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። የሠራሁት በአብዛኛው ማለያየት ነው።

ነሐሴ 12

እማዬ ለፍልሰታ ጾም መጥታ እኛው ጋ ናት። ፋኑን ለምዳዋለች ማለት አይቻልም፣ ታግሳዋለች። ትናንት «አንተ ልጅ፣ ይኼን ነገር ዝም የማሰኛ የለውም? ጸሎት ላይ ነኝ» አለችኝ። መኝታዋ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ነው። ስልኬን አውጥቼ አጠፋሁላት። «አንተ በሌለህበትስ?»

ልክ ናት። ለመብራቱ ማብሪያ ሰጥቼ ለፋኑ አልሰጠሁም። ሌላ ማብሪያ ለመትከል ግድግዳ መቦርቦር ሊመጣ ነው። ያለውን ማብሪያ ተጠቀምኩ፦ መብራቱ ጠፍቶ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ከበራ ፋኑ ወዲያው ይቁም፣ ለግማሽ ሰዓትም አይነሳ። አሳየኋት። ቀጭ፣ ቀጭ። ዝም አለ። መልሳ ሞከረችው። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ከማናችንም በላይ የምትጠቀምበት እሷ ናት።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ለእንቁጣጣሽ ቤት እያጸዳን ነው። ጨርቅ ይዤ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ጣሪያውን ለፋሲካ ቀለም ቀብቼው ነበር። ክረምቱን በሙሉ አልፎ ነጭ ነው፤ ከሻወሩ በላይ ያለው ጥግም እንደዚያው። ፋኑን አውርጄ አየሁት፣ ክንፎቹ ላይ ስስ አቧራ አለ። ጠረግሁት።

አንድ ቦታ ብቻ፣ ቧንቧው ከላይ የሚወርድበት ጋ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቢጫ እድፍ አለች። በጣቴ ነካኋት፣ ቀዝቃዛ ናት፣ እርጥብ። ይህች ከእንፋሎት አይደለችም። ነገ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ጎረቤቶቻችንን አነጋግራለሁ።